ቀኝ እጄን ያተረፈልኝ ዕረፍት

ልብስ ሰፊ ነኝ። ስለ ልብስ ሰፊ ቀጠሮ የሚቀለደውን ቀልድ ሁሉ ሰምቼዋለሁ፤ አብዛኛውም እውነት ነው። «ነገ ይደርሳል» የምንለው ግን ውሸት ስለምንወድ አይደለም። ጨርቅ ይዞ የመጣን ሰው «አይደርስም» ብሎ መመለስ በእኛ ሙያ እንጀራን በእግር እንደ መርገጥ ስለሚቆጠር ነው። ስለዚህ የመጣውን ሁሉ እንቀበላለን። ከተቀበልን በኋላ ደግሞ ከምሳችንም ከእንቅልፋችንም እየቀነስን ለማድረስ እንሯሯጣለን። እኔ ሸምሱ እባላለሁ፤ እንዲህ ስሯሯጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ሩጫው የት እንዳደረሰኝና እንዴት እንደቆምኩ ብናገር አንድ ሰው እንኳ ከእኔ ቀድሞ ይቆም ይሆናል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን በተሳሳተው በር ሁሉ ገብቼ ስለወጣሁ ትክክለኛው በር የት እንዳለ በደንብ አውቃለሁ።

ሱቄ ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር ውስጥ ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፤ በአንድ ወገኔ ጫማ ጠጋኝ፣ በሌላው ብረት በያጅ አለ። ወርቁ የሚባል ባልደረባ አለኝ፤ ከእኔ ጋር ብዙ ዓመት ሠርቷል፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ማርያምን ሳይጠራ ክር የማይበጥስ ሰው ነው። የተማሪ ደንብ ልብስ፣ ሱሪ፣ ኮት፣ የበዓል ቀሚስ እንሰፋለን። ሥራ የሚጠናብን ሁለት ጊዜ ነው፤ አረፋ ሲደርስና ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል። በቀረው ጊዜ ደግሞ ያሳደርነውን እናደርሳለን። ስልክ ከመጣ ወዲህማ ደንበኛው ሱቅ ድረስ መምጣቱን ትቷል፤ እራት ላይ ተቀምጬ የቀሚስ ፎቶ በቴሌግራም ይላክልኛል፣ «እንደዚህ አድርገህ ስፋልኝ፣ እጅጌውን ብቻ አሳጥረው» ይለኛል። እኔም በአንድ እጄ እየጎረስኩ በሌላው «እሺ» እላለሁ።

ሕመሙ የጀመረኝ ከማጅራቴ ነው። ጠዋት ስነሳ አንድ ሰው ማጅራቴን ጨምድዶ የያዘኝ ይመስለኛል። ከዚያ እንቅልፌ ጠፋ። ጋደም ስል ልቤ ይመታል፣ ያልተቆረጠው ጨርቅ ሁሉ ዓይኔ ላይ ይመጣል፣ እግሬ ደግሞ ብርድ ልብሱ ውስጥ የስፌት መኪና ይረግጣል። ባለቤቴ ሙኒራ «አልጋው ላይም ትሰፋለህ እንዴ?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ቆይታ ግን መሳቋን ተወች፤ ምክንያቱም በትንሽ በትልቁ መቆጣት ጀምሬ ነበር። ልጆቼ ከሱቅ ስመለስ ድምፃቸውን ይቀንሱ ነበር። ይህን አይቼ እንዳላየሁ አልፌዋለሁ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ደም ሰጠሁና ታይፎይድ ተባልኩ። በእኛ ከተማ ራሱን ያመመው ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ስም ታይፎይድ ነው፤ ታይፈስም ይመረቅለታል። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ራስ ምታቱ አልጨረሰም። ሁለተኛው ጨጓራ ነው አለኝ፤ ቡናና በርበሬ ከለከለኝ። በርበሬ የተከለከለ የስልጤ ልጅ ምን ያህል እንደሚከፋው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ቆይቶ የቀኝ እጄ ጣቶች መደንዘዝ ሲጀምሩ ሦስተኛ ቦታ ሄድኩ። «ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ ሐኪሙ። ስነግረው «በቃ፣ ከመቀሱ ነው፤ ነርቭህ ተጎድቷል» ብሎ የቫይታሚን መርፌ አዘዘልኝ። እንዲያውም እሱ ጋ ግፊቴ ተለክቶ ነበር። «ትንሽ ከፍ ብሏል፣ በሳምንት ተመለስና እናየዋለን» አለኝ። በሳምንቱ ሥራ በዝቶ ስለነበር አልተመለስኩም። የደም ግፊት እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ መሆኑን ያኔ አላውቅም ነበር።

አረፋ ሊደርስ ሳምንታት ሲቀሩት፣ ከምሳ በኋላ፣ ቆሜ የኮት ጨርቅ እየቆረጥኩ ነበር። መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ ልል ስል ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ጨርቁ ላይ ተጋድመው አያቸዋለሁ፣ የእኔ ናቸው፣ ግን አይሰሙኝም። «ወርቁ» ብዬ ልጠራ ስል ከአፌ የወጣው ሌላ ድምፅ ነው፤ ገንፎ የጎረሰ ሰው እንደሚያወራው ያለ። ወርቁ እየቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ዞር ብሎ ፊቴን ሲያይ ግን ሳቁ እዚያው ደረቀ። አፌ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ነበር።

«በማርያም! ምች ነው! ምች መታው!» ብሎ ጮኸ።

በያጁም ጫማ ጠጋኙም ተሯሩጠው ገቡ። ሁሉም ምች ነው ብለው ተስማሙ፤ ካውያ ለኩሼ ከሙቀት ወጥቼ ደጅ ቆሜ ነበርና ማስረጃውም ተገኘ። ወርቁ ከጎረቤት ግቢ ዳማከሴ ቆርጦ መጣ። ቅጠሉን በመዳፉ ጨምቆ ግንባሬን አሸኝ፣ አሸተተኝ። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ማልቀስ አምሮኝ፣ እንባዬ ግን በአንድ ዓይኔ ብቻ የሚወርድ እየመሰለኝ፣ ቀኝ እጄን በግራ እጄ ይዤያታለሁ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጣቶቼ መለስ አሉ። አፌም ተስተካከለ። ሱቁ ውስጥ እልልታ ሊቀልጥ ምንም አልቀረውም።

«አየኸው? ክሊኒክ ለክሊኒክ ከምትንከራተት!» አለኝ ወርቁ፣ ዳማከሴውን እያሳየ።

እኔም አመስግኜው፣ መቀሱን ከመሬት አንስቼ፣ ካቆምኩበት መቁረጥ ቀጠልኩ። ዛሬ ሳስበው የሚያንዘፈዝፈኝ የመቀሱ መውደቅ አይደለም፤ ይሄ መቀጠሌ ነው።

ከሞት አፋፍ የመለሰኝ የሰፈር ወሬ ነው። ሙኒራ ለሌላ ጉዳይ ስትመጣ ጫማ ጠጋኙ ገና ከሩቅ «እንኳን ማረልሽ!» አላት። ምን ሆኖ ብላ ጠየቀች፤ ነገራት። ገብታ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«እጅህ እምቢ ብሎህ ነበር? አፍህም?»

«ምች ነው፤ አለፈ።»

«አጎቴን እንዲህ አድርጎት ነው አለፈ የተባለው። በሳምንቱ ግማሽ ጎኑ ቀረ። መቀሱን አስቀምጥ።»

«ሙኒራ፣ የሰው ልብስ ነው፤ ለአረፋ ቃል የገባሁት...»

«የሰውን ልብስ ትሰፋለህ። አንተ ግማሽ ጎንህ ቢቀር ማን ነው የሚሰፋህ?»

ይህን ብላ የሱቁን ቆርቆሮ በር ከውስጥ ልኬት የሚጠብቁ ሁለት ደንበኞች እያሉ ሳበችው። እነሱም ጎንበስ ብለው ወጡ። በሃያ ዓመት ውስጥ ሱቄ በቀን ሲዘጋ የመጀመሪያው ነው።

የመንግሥት ሆስፒታል መጠበቂያ ክፍል የራሱ ዓለም ነው። አግዳሚው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ተቀመጥን። አጠገቤ ከወሎ የመጡ አንድ ሽማግሌ ሙስባሃቸውን እየቆጠሩ «ምንህን ነው ልጄ?» አሉኝ። ስነግራቸው ቀኝ እጄን አንስተው በሁለት መዳፋቸው መሃል ያዙልኝና ዝም ብለው ዱዓ አደረጉ። ፊት ለፊት እግሩ በጀሶ የታሸገ ወጣት አለ፤ ተራው ከእኛ በፊት ነው። ሙኒራ ለነርሷ የሆነውን ስታስረዳ ሰምቶ ኖሮ እጁን አወጣ።

«ሲስተር፣ እሱን አስቀድሙት። የእኔ እግር ነው፣ የትም አይሄድም።»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ከብዙ ጊዜ በኋላ ከልቤ ሳቅሁ። ያ ልጅ ስሙን አልጠየቅኩትም። አላህ እግሩን እንደ አጋዘን ያድርግለት።

ነርሷ ግፊቴን ለካች። ሌላኛው ክንዴ ላይ ደግማ ለካች። ከዚያ ተነስታ ዶክተሯን ጠራቻት። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ረጋ ብላ ነው የምትናገረው። እጇን እንድጨብጥ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ክንዴን እንድዘረጋ፣ እንድራመድ አደረገችኝ። ከዚያም የአንጎል ምርመራ ሌላ ቦታ ተነስቼ እንድመጣ ላከችኝ። የምርመራውን የከፈልነው ለአረፋ በሬ መዋጮ ካስቀመጥነው ነው። በዚያ ዓመት ቅርጫ ውስጥ ድርሻ አልነበረንም፤ ሙኒራም አንድ ቀን እንኳ አላነሳችብኝም።

«ምች አይደለም። ወደ አንጎልዎ የሚሄደው ደም ለአፍታ ተዘግቶ መልሶ ተከፍቷል» አለችኝ ዶክተሯ። «ዳማከሴው ባይመጣም ይመለስልዎት ነበር። ትንሹ ስትሮክ እንዲህ ነው፤ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ይሄዳል። ሁለተኛው ሲመጣ ግን ላይመለስ ይችላል።»

«ቢመጣ የሚይዘው የትኛውን እጄን ነው?»

«እርግጡን መናገር አይቻልም። ግን ያሁኑ በቀኝ ነው የመጣው።»

ያን ጊዜ ፈራሁ። ሞት ይሁን፣ ሁላችንም ወደዚያው ነን። ቀኝ እጄ ሞታ እኔ ብቀርስ? መቀስ የማይጨብጥ ሰፊ ምንድን ነው? እዚያው ወንበሩ ላይ እጄን ገለባብጬ አየኋት። ጨርቅ የማሰምርበት ጠመኔ ጥፍሬ ሥር ነበር።

የግፊት መድኃኒትና ደም እንዳይረጋ የሚከላከል ክኒን አዘዘችልኝ። ጨው ይቀንሱ፣ በእግርዎ ይሂዱ፣ ይተኙ አለችኝ። ሥራ ብቻውን እንዳላመጣውም ነገረችኝ፤ ግፊቴ ለዓመታት ሳይታወቅ ኖሯል። «ነገር ግን ሳይተኙና ሳያርፉ መድኃኒቱ ብቻውን አይችለውም። ለጊዜው ከሱቁ ራቅ ብለው ይረፉ» አለች። ለአረፋ አገር ቤት እንደምሄድ ስነግራት «በጣም ጥሩ» ብላ ፈገግ አለች። ምስኪን፣ የእኛን ሰው አታውቅም።

እስክንሄድ ድረስ ያለው ጊዜ ከባድ ነበር። ማታ ማታ ከእንቅልፌ እየነቃሁ ጣቶቼን አንድ በአንድ እቆጥራለሁ፤ ይታጠፋሉ ወይ ብዬ። ሙኒራ ሳትነቃ ነው የማደርገው። በኋላ እንደነገረችኝ እሷም እኔ ስተኛ ቀስ ብላ እጄን ትነካ ነበር። ሁለታችንም አንዳችን ከአንዳችን ተደብቀን አንዲቱን እጅ ስንጠብቅ ነው የከረምነው።

የስልጤ ሰው ለአረፋ የትም ይኑር የት አገሩ ይገባል። መርካቶ ሱቅ ያለውም፣ አብነት ሻይ የሚሸጠውም ይገባል። ስልኬን ለወርቁ ትቼ፣ ልጆቻችንን ይዘን ወራቤ ወረድን፤ ከዚያ የእናቴ ቤት ወዳለበት መንደር። በሻንጣዬ ውስጥ ግን ሙኒራ ያላየችው ሜትርና መቀስ ነበሩ። ለምን ያዝካቸው ብትሉኝ፣ ሰው ያለ ጫማ ይወጣል እንዴ እላችኋለሁ።

በደረስኩ ማግስት የአክስቴ ልጅ መጣች። ሴቶቹ የሴቶች አረፋ የሚባል የራሳቸው ዋዜማ አላቸው፤ ለዚያ ቀን የምትለብሰው ቀሚስ በጣም ሰፍቷት ነበር። «አጥብብልኝ፣ ለአንተ ምን አላት» አለች። ምንም አልነበራትም፤ በእጅ መርፌ ጨረስኳት። ሰው እንዳይከፋው ብዬ ለጎረቤቷም ሠራሁ። የአዲስ አበባው ሰፊ መጣ መባሉ ከቤት ቤት ሄደ። በሦስተኛው ቀን ከገበያ የእግር መኪና ተሸክመው አመጡልኝ። ደጅ፣ ብርሃን ያለበት አስቀመጡልኝና ተሰለፉ። ዘመድ ነው፣ እምቢ አይባልም፤ ገንዘብም አይጠየቅም። ስለዚህ ሥራ ነው ብዬ አልቆጠርኩትም። ሙኒራ ከቡላው ምድጃ ብቅ ስትል «ትንሽ ልርዳቸው ብዬ ነው» እላታለሁ። «ለዶክተሯ ትነግራታለህ» ብላኝ ትገባለች። በዓሉ ሲደርስ የመንደሩ ሴት ሁሉ ልኩን ለብሶ ወጣ፤ እኔም በኩራት አየሁ። ማጅራቴ ጨምድዶ ይዞኝ ነበር።

ልንመለስ ስንል እናቴ በሩ ላይ አቆመችኝ። አርጅታለች፤ ዓይኗም ደከም ብሏል።

«ልጄ፣ ስትመጣ ፊትህን አየሁት፤ ዛሬ ስትሄድም አየሁት» አለችኝ በስልጥኛ። «በመሃሉ ግን ያየሁት ጀርባህን ነው።»

እጇን ስሜ መኪናው ውስጥ ገባሁ። ከሁሉ መድኃኒት በላይ የቆረቆረኝ ይሄ ነው።

ለክትትል ስንመለስ ዶክተሯ ግፊቴን ለካችና መለኪያው የተበላሸ መስሏት ሌላ አስመጣች።

«መድኃኒቱን አቋርጠው ነበር?»

«ወላሂ አንዱንም አላጎደልኩም።»

«የት አረፉ?»

«አገር ቤት።»

«ምን ሲሠሩ ነበር?»

ሙኒራ በክርኗ ነካ አደረገችኝ። «ንገራት እንጂ።»

«ትንሽ ልብስ...»

«የማንን ልብስ?»

«የቀበሌውን» አለች ሙኒራ።

ዶክተሯ ልትቆጣ ጀምራ ሳቅ አሸነፋት። ከዚያ ግን ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋችና ዛሬም ድረስ የምመራበትን ነገር ነገረችኝ። «ዕረፍት ሥራ ሲያልቅ የሚመጣ ነገር አድርገው ነው የያዙት። እስቲ ይንገሩኝ፣ ሥራዎ አልቆ ያውቃል?» አላውቅም አልኳት። «እንግዲያው ሥራው ሳያልቅ ነው የሚቆሙት። ልብስ እየቀረ፣ ሰው እየጠበቀ ይቆማሉ። እንደ ክኒኑ፣ በሰዓቱ።»

እውነቱን ልናገርና፣ ይሄ ከክኒኑ በላይ መረረኝ። ከወርቁና ከሙኒራ ጋር ተቀምጠን እንዲህ ተስማማን፤ አስር ሰላት ሲደርስ እኔ ከሱቅ እወጣለሁ። ስልኩ ከወርቁ ጋር ሱቅ ያድራል። ቀሪውን ወርቁ ይጨርሳል። በመጀመሪያው ቀን መስጊድ ሰግጄ ወጣሁና የት እንደምሄድ አጣሁ። በቀን ብርሃን ሥራ ሳይኖረኝ መንገድ ላይ ስቆም የታወቀብኝ ይመስለኝ ነበር፤ እንደ ሌባ ጥግ ጥጉን ነው የሄድኩት። የልደታ ኮንዶሚኒየሞች መሃል አግዳሚ አግኝቼ ተቀመጥኩ። ተቀመጥኩ እንጂ አላረፍኩም፤ ዓይኔ ያለፈውን ሁሉ ይለካል። ይሄኛው ትከሻው ወርዷል፣ የዚያች ቀሚስ ጠርዙ ተንጋዷል፣ ያ ሽማግሌ ኮቱን ማን እንደሰፋለት ባውቅ እከሰው ነበር። ባቡሩ ከላይ አልፎ ይሄዳል፤ እኔ የተሳፋሪውን ኮሌታ አያለሁ።

ለሙኒራ ነገርኳት። ሳቀችብኝና ከዚያ ወዲህ አብራኝ መውጣት ጀመረች። ቀስ እያልን ከጌጃ ሰፈር ወደ ልደታ፣ አንዳንዴም እስከ ጠመንጃ ያዥ እንሄዳለን። «ሰውየውን ተወው፣ ዛፉን እይ» ትለኛለች። ዛፍ አይለካም፤ እሱን ማየት ጀመርኩ። ሳምንታት ሲያልፉ እግሬ መንገዱን ለመደው፣ ዓይኔም ሰውን ከልብሱ ለይቶ ፊቱን ማየት ቻለ። ስንት ዓመት ልኬታቸውን በቃሌ የማውቃቸው ሰዎች ፈገግታቸው ምን እንደሚመስል ያኔ ነው ያየሁት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለካ ለእኔም ነው።

አንድ ያልጠበቅኩት ሕመም ግን ገጠመኝ፤ ይሄኛው የልብ ነው። አንድ የድሮ ደንበኛዬ ወርቁ ከአስር በኋላ ጨርሶ የሰፋለትን ኮት ለብሶ መጥቶ «ሸምሱ፣ እጅህ እኮ ወርቅ ነው!» ብሎ አቀፈኝ። ወርቁ ከመኪናው ቀና ብሎ ጠቀሰኝ። ስቄ ደንበኛውን አመሰገንኩት። ቤቴ እስክደርስ ግን ውስጤ ተቃጠለ። እኔ ከሌለሁ ሱቁ ይፈርሳል፣ ያለ እኔ እጅ ኮት ኮት አይሆንም ብዬ ነበር የኖርኩት። ይህን ሁሉ ዓመት ያልተኛሁት ለዚህ ነበር። ኮቱ ግን ሆነ፤ ሰውየውም አማረበት። ሁለት ቀን ካኮረፍኩ በኋላ ነው ነገሩ ሸክም ማራገፍ መሆኑ የገባኝ። እኔ በሌለሁበት የሚሠራ ሱቅ ካለኝማ መተኛት እችላለሁ።

ግፊቴ ወረደ። በአንድ ቀን አልነበረም፤ ወጣ ገባ እያለ፣ መድኃኒቱ አንዴ ተቀይሮ፣ ወራት ወስዶ ወረደ። ማጅራቴ ለቀቀኝ። ልጆቼ ቤት ስገባ እንደ ድሮው መጮህ ጀመሩ፤ አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ዝም በሉ የምል እኔ ነኝ። የጣቴ መደንዘዝ ጠፋ። ስለዚህ ከእኔ የምትወስዱት ካለ ይህን ውሰዱ። ግፊታችሁን አስለኩ፤ ከፍ ብሏል ከተባላችሁ በቀጠሮው ተመለሱ። አፍ ተጣሞ፣ እጅ ከድቶ በሩብ ሰዓት ቢመለስም እንኳ ያኔውኑ ሆስፒታል ሂዱ፤ ዳማከሴውን ከፈለጋችሁ መንገድ ላይ አሽትቱት። ዕረፍትን ደግሞ ተማሩት። ሙያ ነው፤ ለእኔ ኮት መስፋት ከመማር በላይ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

ያለፈው ክረምት መጨረሻ ላይ ፈተናው መጣ። የአንድ ትምህርት ቤት ባለቤት፣ ዓመት ሙሉ የምንተዳደርበትን ያህል ሥራ ይዞ ገባ፤ ለሁሉም ተማሪ ደንብ ልብስ፣ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት። በአእምሮዬ አሰላሁት። ካልተኛሁ ይደርሳል። ወርቁ መኪናውን አቁሞ ያየኛል። አፌ «ኢንሻአላህ» ሊል ተከፈተ።

«ጋሼ፣ አይደርስም» አልኩ።

«እንዴት አይደርስም? አንተ እኮ ሸምሱ ነህ!»

«ግማሹ ይደርሳል። ከግማሹ በላይ ቃል ብገባ እዋሽዎታለሁ።»

ሰውየው ቅር ብሎት ወጣ። ውርደትም ነፃነትም ነው የተሰማኝ፣ ሁለቱን መለየት አቃተኝ። ወርቁ ረጅም ትንፋሽ አወጣና «በማርያም፣ ከልብስ ሰፊ አፍ ይህን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው» አለ። በኋላ ሰውየው ተመልሶ ግማሹን ለእኛ ግማሹን ለሌላ ሰጠ። በዚያ ሰዓት ግን ይህን አላውቅም። የማውቀው ደክሞኝ እንደነበር ነው፤ የሃያ ዓመቱ ድካም በአንድ ጊዜ የመጣብኝ ይመስላል። ገና ከቀትር በኋላ ነበር። ለወርቁ ነገርኩትና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሙኒራ አልነበረችም። ሳሎን ወለል ላይ የተነጠፈው መጅሊስ ላይ ጋደም አልኩ።

«ሸምሱ! ሸምሱ!»

ዓይኔን ስገልጥ ሙኒራ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወድቋል፤ የገዛችው ቲማቲም ወለሉ ላይ ተበትኗል።

«ሁለት እጅህን አንሳ!»

አነሳኋቸው።

«ፈገግ በል!»

«ምን የሚያስቅ ነገር...»

«ፈገግ በል ነው የምልህ!»

ፈገግ አልኩ።

«ስሜን ጥራ!»

«ሙኒራ። ምን ሆነሻል?»

ዶክተሯ ለብቻዋ ያስተማረቻት ኖሯል፤ ከጠረጠርሽ እጁን፣ አፉን፣ አንደበቱን እዪ ብላ። መሬት ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና እየሳቀች ማልቀስ ጀመረች።

«ከተጋባን ጀምሮ አንድ ቀን በቀን ተኝተህ አይቼህ አላውቅም» አለች። «የሞትክ መሰለኝ።»

«ተኝቼ ነው እንጂ።» ሁለቱ እጆቼ አሁንም ወደ ላይ እንደተዘረጉ ነበሩ። «ላውርዳቸው?»

«አውርድና ተኛ» አለችኝ።

አወረድኳቸውና ተመልሼ ተኛሁ።